ለመሥሪያ ቤት እርዳታ ማሰባሰቢያ የሚያግዝ ሰው እንዴት ነው የሚገኘው? እጅ የሚያወጣ እንጂ የሚመጣ አጣሁ (ባሕር ዳር)

ጣና ዳር (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ከረማችሁ። ረዘም ይላል ታገሱኝ፣ የማማክረው ሰው አጥቼ ነው።

ባሕር ዳር አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው፣ በጠቅላላው 74 ሠራተኞች ነን። ቢሮው መሀል ከተማ ነው፣ መጋዘኑና ጋራዡ ግን ከዓባይ ድልድይ ማዶ ስለሆነ ከእነሱ ጋር የምንገናኘው በበዓል ነው ማለት ይቻላል። አምና አንድ የመጋዘን ባልደረባችን ኩላሊቱ ሥራ አቁሞ እጥበት ጀመረ፣ በሳምንት ሁለቴ አንዳንዴ ሦስቴ፣ አንዱ እጥበት አራት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ እኛም ተራ ገብተን አብረነው እንቀመጥ ነበር። ሌላውን ሰው ያየነው እዛ ስንቀመጥ ነው። ከዘጌ፣ ከአዴት፣ ከዳንግላ የመጡ አሉ። ማሽኑ እዚህ፣ ቤታቸው እዛ። በየሦስት ቀኑ ሄዶ መመለሱ ለጤነኛም ይከብዳል፣ አልጋ ይዞ ከተማ መክረም ደግሞ ገንዘብ ነው። አንዲት እናት ነበሩ፣ ልጃቸው ውስጥ እየታጠበ እሳቸው ኮሪደሩ ላይ ነጠላቸውን አንጥፈው ዳቦ ቆሎ ከፌስታል እያወጡ ይከፋፍላሉ፣ ይቺ የዛሬ፣ ይቺ የነገ፣ ይቺ የሐሙስ እያሉ። የሐሙሷን ቋጠሩና መልሰው ከፍተው ቀነሱላት። እኔ ከዛ በኋላ ቤቴ ገብቼ እህል አልዋጥልህ አለኝ።

እና የእነዚህን ሰዎች ትራንስፖርትና አልጋ የሚሸፍን ማሰባሰቢያ እናድርግ ብለን ለሥራ አስኪያጃችን አቀረብን፣ እሳቸውም ተቀበሉን፣ እንዲያውም እናንተ ያዋጣችሁትን ያህል ድርጅቱ ይጨምራል ብለውናል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ሦስት ወር እንሠራለን ብለን አሰብን።

ችግሩ ሰው ነው። ስብሰባ ላይ "ማነው ከኮሚቴው ጋር የሚሠራ" ሲባል ሃያ ምናምን እጅ ወጣ፣ ደስ አለኝ፣ ቴሌግራም ግሩፕ ከፈትኩ፣ 22 ሰው ገባ፣ የመጀመሪያ ቀን ግሩፑ በምርቃትና በአበባ ተጥለቀለቀ። ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት እንገናኝ አልኩ። የመጣነው እኔና ፋይናንስ ያለችው ልጅ ብቻ ነን። በሳምንቱ ደግሜ ጠራሁ አራት ሆንን፣ ከአራቱ አንዱ አሥራ አምስት ደቂቃ ቆይቶ ስልክ ተደወለልኝ ብሎ ሄደ። ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም እኮ፣ ባልደረባችን ሲታመም ለሊት ድረስ አብረው ያደሩ ናቸው።

ሥራ አስኪያጃችን ይሄን ሲያዩ "ለምን ትለፋላችሁ ከሁሉም ሰው ደሞዝ መቶ መቶ ብር በፔሮል ይቆረጥና ይለቅ" አሉ። በወር 7,400 ብር ማለት ነው፣ ያለ ምንም ድካም። እኔን ግን ቅር አለኝ፣ ለምን እንደሆነ ደህና አድርጌ ማስረዳት አልቻልኩም እንጂ። ሰዉ መዋጮ የሚለውን ቃል ሲሰማ ፊቱ ይቀየራል፣ አባይ ግድብ ጊዜ በደስታ የሰጠው ሰው ራሱ ከዛ በኋላ በየጊዜው ወረቀት ሲዞርበት ሰልችቶታል።

በሞቴ ልምድ ያላችሁ ንገሩኝ። እንዲህ ያለ ቡድን እንዴት ነው የሚሰበሰበው? ስንት ሰው ይበቃል? መጋዘንና ጋራዥ ያሉትን እንዴት ላግኛቸው?

የእድር ጸሐፊ

እህቴ መጀመሪያ ጉዳዩን ስላሰብሽው እግዜር ይስጥሽ። እኔ በሰፈራችን እድር 11 ዓመት ጸሐፊ ሆኛለሁ፣ መሥሪያ ቤቴም ውስጥ ሁለት ጊዜ እንዲህ ያለ ሥራ አስተባብሬአለሁ፣ አንዱ ፈርሶብኛል አንዱ ተሳክቷል።

የፈረሰው ልክ እንዳንቺ ነው የጀመርኩት፣ "ማን ያግዛል" ብዬ። ይሄ ጥያቄ ለሁሉም ሰው ስለሆነ ለማንም አይደለም። እጁን ያወጣው ሰው እኮ አልዋሸሽም፣ ነገሩን ደግፌዋለሁ ማለቱ ነው፣ ቅዳሜ 3 ሰዓት እመጣለሁ ማለቱ አይደለም። እድር ውስጥ ቀብር ሲኖር ማነው ድንኳን የሚተክል ተብሎ ተጠይቆ ያውቃል? ጥሩምባው ይነፋል፣ ተረኛው ይታወቃል፣ ድንኳኑን እነ እገሌ፣ አግዳሚውን እነ እገሌ፣ ውሃውን እነ እገሌ፣ አለቀ። ሰዉ የሚመጣው ስሙ ስላለ ነው፣ ባይመጣ ደግሞ የጎደለው ነገር በዓይን ይታያል፣ ወንበር የለም ማለት ነው።

ስለዚህ ግሩፑን ለጊዜው ተዪውና ወረቀት ይዘሽ ቁጭ በይ። በሦስት ወር ውስጥ የሚሠራውን ሥራ ሁሉ ጻፊው፣ ግን ጥቃቅን አድርገሽ። "ገንዘብ ማሰባሰብ" ብለሽ አትጻፊ። "በወሩ መጨረሻ አርብ ጋራዥ ሄዶ ሳጥኑን ማምጣት፣ አንድ ሰዓት" ብለሽ ጻፊ። "ማክሰኞ ከሰዓት ሆስፒታል ሄዶ አዲስ የመጣ ሕመምተኛ መኖሩን ጠይቆ መመለስ።" "ፖስተሩን በአማርኛ መጻፍና ማተም፣ አንድ ቀን።" እንዲህ እንዲህ እያልሽ ስትዘረዝሪው አብዛኛው ሥራ ከአንድ ሁለት ሰዓት አይበልጥም። ከዛ ለእያንዳንዱ ሥራ ይሄን ማን ቢሠራው ያምርበታል ብለሽ ስም አስቢና ሰውዬው ጋ ራስሽ ሂጂ፣ በስልክ ሳይሆን በአካል፣ ቡና ሰዓት ላይ። "ያንተ እጅ ጽሑፍ ያምራል፣ ፖስተሩን አንተ ብትጽፈው እስከ ሐሙስ ይደርሳል ወይ?" በይው። እንዲህ ተጠይቆ እምቢ የሚል ከስንት አንድ ነው፣ እምቢ ካለም እቅጩን ይነግርሻል፣ ያም ጥሩ ነው። አልችልም ያለውን ሰው አታኩርፊው ደግሞ፣ በሚያዝያ ሊችል ይችላል።

ስንት ሰው ይበቃል ላልሽው፣ ለ74 ሰው ዋና የምትሏቸው አምስት ወይ ስድስት ቢሆኑ በቂ ነው፣ ሌላው አንድ አንድ ሥራ ያለው ሰው ነው። ስድስቱን ስትመርጪ ግን በሹመት አትምረጪ። በየክፍሉ ሰው የሚሰማት አንዲት ሴት አለች፣ ቡና የሚጠጣው እሷ ጋ ነው፣ ማን ታመመ ማን ወለደ የምታውቀው እሷ ናት፣ እሷን ነው የምትፈልጊው እንጂ የክፍሉን ኃላፊ አይደለም። ኃላፊው ሲዞር ሰው የሚሰጠው አለቃው ስለሆነ ነው።

ሌላ ያየሁትን ልንገርሽ። በ2013 ጥቅምት ለእምቦጭ ዘመቻ ጣና ገብተን ነበር ከመሥሪያ ቤት። ወገብ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ ሥሩን እየጎተቱ ማውጣት ነው፣ ጭቃው እግር ይይዛል፣ ሰዉ ግን ይዘፍን ነበር፣ ብርታቱ የጉድ ነው። አውጥተን ዳር ላይ ከመርን። የከመርነውን ከውሃው አርቆ የሚወስድ ሰው ግን አልተመደበም፣ ሁሉም ለመጎተት ነው የመጣው። አንድ ገበሬ አባት መጥተው "ልጆቼ እዚህ ከተዋችሁትማ ውሃው ሲሞላ መልሶ ይወስደዋል" አሉን፣ እውነታቸውን ነው፣ እምቦጭ እርጥበት ካገኘ መልሶ ይይዛል። አመሻሽ ላይ አንድ አሥር ሰው ሆነን በቃሬዛ ስናጓጉዝ አመሸን። አንቺም ጋ ገንዘቡ ከተሰበሰበ በኋላ ያለውን ሥራ፣ ማን አልጋ ይከራያል፣ ማን ሰዎቹን ያገኛል፣ ማን ደረሰኝ ይይዛል የሚለውን፣ ከአሁኑ ሰው መድቢለት። ሁሉም ሰው መሰብሰቡን ነው የሚያስበው።

ሒሳብ ሹሟ

ጋሼ ያሉትን እጥፍ አድርጌ እደግፋለሁ። እኔ ስለ ገንዘቡ ልጻፍ፣ ምክንያቱም ሰው ለሥራ የማይመጣው አንዳንዴ ገንዘቡ ላይ ጥርጣሬ ስላለው ነው፣ አፉን አውጥቶ አይናገረውም እንጂ። ስሙ እንዳይነካ ይሸሻል።

የፔሮሉ ነገር ቅር ያለሽ ትክክል ነሽ እና ምክንያቱን እኔ ልስጥሽ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ላይ አሠሪ ከሠራተኛ ደሞዝ መቁረጥ የሚችለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት ወይም በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልሆነ ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። "ስብሰባ ላይ ተስማምተናል" ጽሑፍ አይደለም። ተቆራጩ ሁሉ ተደምሮም ከወር ደሞዙ ሲሶ መብለጥ የለበትም፣ ብድር ያለበት ሰው ደግሞ እዛ ጣሪያ ጋ የደረሰ ሊኖር ይችላል፣ ፋይናንስ ያለችው ልጅ ታውቀዋለች። (የመንግሥት ሠራተኛ የሆናችሁ ይሄ አዋጅ የእናንተ አይደለም፣ የራሳችሁን ሕግ እዩ።) ስለዚህ በፔሮል ማድረግ ክልክል አይደለም፣ ግን ግማሽ ገጽ ቅጽ አዘጋጁና የፈለገ ብቻ መጠኑን ራሱ ጽፎ ይፈርም፣ ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር እንደሆነ ይኑርበት፣ መቼም ማቋረጥ እችላለሁ የሚል መስመርም ይኑር። ቅጹን ይዞ የሚዞረው አለቃ አይሁን። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ በሰማንያ ሰው ቤት አለቃ ወረቀት ይዞ ፊትህ ከቆመ ፈቃድ የሚባል ነገር የለም።

ገንዘቡ በአንድ ሰው ስም ባለ አካውንት አይግባ፣ ቢያንስ በሁለት ቢቻል በሦስት ፊርማ የሚወጣ ይሁን፣ ከፈራሚዎቹ አንዱ ከጋራዥ ወይ ከመጋዘን ይሁን። እኔ የምለው ከባድ ምክንያት ስላለኝ ነው። ድሮ የነበርኩበት ቦታ እንዲህ ያለ መዋጮ ሰብስበን በአንዲት እህታችን ቴሌብር ነበር የሚገባው። አንድ ብር አልነካችም፣ ምስክር ነኝ፣ ግን የራሷም ብር እዛው ስለሚገባ ወር ሲያልቅ መለየት አቃታት፣ 1,850 ብር አልገጥም አለ። ከራሷ ኪስ ሞላችው። ወሬው ግን ሞላችው ተብሎ ሳይሆን ጎደለ ተብሎ ነው የዞረው፣ ከዛ በኋላ ከሰው ጋር ምሳ አትበላም ነበር። እንዲህ ያለ ሰው እንዳታጡ።

ስክሪንሾት ላይ አትመኑ፣ የትራንዛክሽን ቁጥሩን ከባንኩ ስቴትመንት ጋር አመሳክሩ። በጥሬ ገንዘብ ለሚሰጥ ቁጥር ያለው ደረሰኝ ይኑር። በየሁለት ሳምንቱ አርብ አንድ ገጽ ለጥፉ፣ ይሄን ያህል ገባ፣ ይሄን ያህል ለአልጋ፣ ይሄን ያህል ለትራንስፖርት ወጣ፣ ይሄን ያህል ቀረ። የሕመምተኛ ስም ግን አትጻፉ፣ "ከዘጌ የመጡ እናትና ልጅ፣ አልጋ 6 ሌሊት" ይበቃል፣ እሱንም ሰዎቹን አስፈቅዳችሁ። ድርጅቱ የሚጨምረውን ደግሞ በደብዳቤ አስይዙት፣ ጣሪያው ስንት ነው፣ መቼ ነው የሚገባው። ሎተሪ ወይ ቶምቦላ ካሰባችሁ ፈቃድ የሚጠይቅ ነገር ስለሆነ ሳትጠይቁ ትኬት እንዳታሳትሙ።

ማታ ተረኛ

እኔ ጥበቃ ነኝ ሌላ ድርጅት ውስጥ እዚሁ ባሕር ዳር። ብዙ ጊዜ አልጽፍም ግን መጋዘንና ጋራዥ ያሉትን እንዴት ላግኛቸው ስላልሽ ነው።

እህቴ እኛ ጋ ሰው የሚመጣው ሁለት ጊዜ ነው፣ አንዴ ዝርዝር ይዞ ደሞዝ ቀን፣ አንዴ ደግሞ ሥራው ካለቀ በኋላ ፎቶ ሲነሳ እንድንቆም። መሀል ላይ ያለውን ማንም አይነግረንም። ስብሰባው የሚጠራው በሥራ ሰዓት ነው፣ እኔ በር ጥዬ የት እሄዳለሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ማታ አድሬ የምተኛበት ነው። ግሩፕ ላይ ግባ ይሉኛል፣ የኔ ስልክ ቴሌግራም አይከፍትም። አልመጣም ተብዬ እቆጠራለሁ።

ግን ብትጠይቂኝ እሠራ ነበር። የኔ ሥራ እኮ ሰው ማወቅ ነው። ማን መቼ እንደሚገባ መቼ እንደሚወጣ አውቃለሁ፣ ሳጥን በር ላይ ብታስቀምጡ ከኔ በላይ የሚጠብቀው የለም። ማታ ፈረቃ ላይ ሻይ የምናፈላበት ሰዓት አለ፣ ከለሊቱ 5 ሰዓት ገደማ፣ አንድ ቀን እዛ መጥተሽ ስለዛች እናት እና ስለ ዳቦ ቆሎዋ ብትነግሪን ሁሉም ሰው ይገባዋል። ብዙዎቻችን ከገጠር ነው የመጣነው፣ የእኛም እናት ነገ እዛ ኮሪደር ላይ ልትቀመጥ ትችላለች።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ዝርዝር ላይ ስምና የሰጠው ብር ጎን ለጎን አትለጥፉ። እኔ 20 ብር ስሰጥ ለኔ ብዙ ነው፣ ግን ከላይ 1,000 ተጽፎ ከታች 20 ተጽፎ ስሜን ሳየው በሚቀጥለው ወር አልሰጥም፣ ሳጥኑ ውስጥ ከሆነ ግን ዘወትር እሰጣለሁ።

ዓባይ ማዶ

እኔ በዚህ አልስማማም ይቅርታ። ስም ካልተለጠፈ ሰው ይዘናጋል፣ እኛ ጋ ክፍል ለክፍል አወዳድረን ሽያጭ ክፍል አንደኛ ወጣ፣ ጥሩ ብር ተገኘ። ያለ ውድድር አይሞቅም።

ሒሳብ ሹሟ

@ዓባይ ማዶ በመጀመሪያው ወር ይሞቃል፣ ሦስተኛው ወር ላይስ ስንት ሆነ? እኛ ጋ ውድድር ሲደረግ የጽዳት ክፍል ሁሌም መጨረሻ ነበር፣ ደሞዛቸው ትንሽ ስለሆነ እንጂ ልባቸው አንሶ አይደለም። የሚወዳደር ነገር ከፈለጋችሁ በብር ሳይሆን በሰው ቁጥር አድርጉት፣ ከክፍሉ ስንት ሰው አንድ ነገር ሠራ የሚለውን።

ዓባይ ማዶ

እሱስ ልክ ነሽ፣ ሦስተኛው ወር ላይ ቀዝቅዟል። በሰው ቁጥር የሚለውን እኛም እናየዋለን።

የእድር ጸሐፊ

ማታ ተረኛ የጻፈውን ደጋግሜ አነበብኩት። እህቴ ሌላውን ሁሉ ብትረሺ የሱን አትርሺ።

አንድ የረሳሁት፣ ምግብ ሽያጭ ካሰባችሁ ቀኑን ተጠንቀቁ። ሁዳዴና ረመዳን የሚደራረቡበት ጊዜ አለ። እኛ አንድ ጊዜ በሁዳዴ ዓሣ ይበላል ብሎ አንዱ ቀረሶ ጠብሶ ምሳ አዘጋጀ፣ ከጾመኛው ግማሹ ዓሣም አልበላም አለ፣ ሙስሊም ባልደረቦቻችን ቀን ላይ አይበሉም፣ ዓሣው ተረፈ፣ የደከሙት ልጆች አዘኑ። ከፋሲካ በኋላ አድርጉት ወይ ደግሞ ምግቡን ተዉት።

ጣና ዳር (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ሁለት ሳምንት ዝም ያልኩት እየሞከርኩት ስለነበር ነው።

ሥራዎቹን ጻፍኳቸው 31 ሆኑ። ጋሼ እንዳሉት እየዞርኩ በአካል ጠየቅሁ፣ 26 ሰው ጠይቄ 19 እሺ አለ፣ ከነዚህ 14 ግሩፑ ውስጥ ያልነበሩ ናቸው፣ እኔ ይሄን አልጠበቅሁም። እጁን መጀመሪያ ያወጣው ልጅ ቅዳሜ የማይመጣው እናቱን ይዞ ፀበል ስለሚሄድ ነበር፣ ማክሰኞ ከሰዓት ግን ይችላል፣ ሆስፒታል የሚሄደው እሱ ሆነ። ቀድሜ ብጠይቀው ኖሮ።

ጋራዥ ማታ ሄድኩ። ዘበኛው ጋሼ፣ ዕድሜያቸው ስልሳ ይሆናል፣ ሻይ በጣሳ ሰጡኝና እስኪ ንገሪኝ አሉ። ስለ እናትየዋ ስነግራቸው ዝም ብለው ሰሙና "ከየት ናት?" አሉኝ፣ ከዘጌ ስላቸው "እኔም ባለቤቴ የዘጌ ናት" አሉ። ለካ ከዘጌ በጀልባ የሚመጡት የሚያርፉባቸውን ቤቶች ያውቃሉ፣ አንዲት ዘመዳቸው ወደብ አካባቢ አልጋ ታከራያለች፣ በወር ከተከራያችሁ ትቀንሳለች ብለው በማግሥቱ አገናኙን። ሦስት ሳምንት ስንፈልግ የነበረውን። አሁን ሁለት አልጋ በወር ይዘናል፣ ከሦስቱ ፈራሚዎች አንዱ እሳቸው ናቸው፣ ባንክ ቤት ሲመጡ ኮታቸውን ለብሰው ነው የመጡት።

ለሥራ አስኪያጃችን አዋጁን አሳየኋቸው፣ ትንሽ ቅር አላቸው መሰለኝ ግን ቅጹን ተቀበሉ፣ ራሳቸውም ሞሉ። ከ74ቱ እስካሁን 41 ሰው ፈርሟል፣ መጠኑን ያየነው እኔና ፋይናንሷ ብቻ ነን። ሳጥኑ አራት ቦታ ተቀምጧል። ስም አንለጥፍም።

ያልተፈታ ነገር አለ፣ ሾፌሮቹ። ሳምንቱን መንገድ ላይ ናቸው፣ ጎንደር ደብረ ማርቆስ ወልድያ፣ እሑድ ብቻ ነው የሚገኙት፣ እሑድ ደግሞ ከቤተሰባቸው ነጥቄ መጥራት ከበደኝ። ከመካከላቸው አንዱ በመልሱ ጉዞ የዳንግላዎቹን ሕመምተኞች ላምጣ ወይ ብሎ ጠይቆኛል፣ ልቤ ቢወደውም የድርጅት መኪና ስለሆነ ኢንሹራንሱ ሰው ጭኖ ይሸፍናል አይሸፍንም የሚለውን ሳናጣራ እሺ ማለት አልቻልኩም። እንዲህ ያለ ነገር ያጋጠመው ካለ ይጻፍልኝ፣ ሰኞ ከሥራ አስኪያጁ ጋር እንነጋገርበታለን።